እናቴና የወንጪ ጉም

እስቲ እኅቶቼ፣ እናቶቻችሁን እንዲያው ለመንሸራሸር ብላችሁ ከቤት ያወጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። እኔ ባስብ ባሰላስል አንድም ቀን አጣሁ።

እናቴ መርካቶ በርበሬ ተራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነግዳለች። እኛን አራት ልጆቿን ያስተማረችን በዚያች ጠባብ ሱቅ ነው። «ለከርሞ ሐይቅ አሳይሻለሁ» ስላት ሰባት ከርሞ አለፈ። ጉልበቷን የመረመራት ሐኪም ዳገትና ቁልቁለት እንድትቀንስ ሲነግረን ግን ያ «ለከርሞ» የሚሉት ቃል አስፈራኝ።

በሚያዝያ ወር አንድ እሑድ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ከአዲስ ከተማ በማለዳ ተነሣን። የሰሞኑ ሙቀት የሚያቃጥል ነበርና ልጆቼን በስስ ልብስ አወጣኋቸው። እናቴ ሁለት ጋቢ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ብቅ ስትል፣ «እማዬ፣ ለቅሶ ቤት የምናድር መሰለሽ እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። መልስም አልሰጠችኝ፤ ከረጢቱን ከእግሯ ሥር አስቀመጠች።

ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፈን፣ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወሊሶ ቁርስ በላን። ከዚያ ወደ ወንጪ ዳገቱ ሲጀምር ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ወሊሶ ከ2,000 ሜትር ጥቂት አለፍ ስትል፣ የወንጪ ተራራ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት እንደሚቀንስ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ልጆቼን ሳለብስ ግን ትዝ አላለኝም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሐይቅ የሚባል የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ። ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። የትንሹ ልጄ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ እናቴ ከረጢቷን ፈታች። እፍረቴን አልደብቃችሁም። ይልቁንም የከነከነኝ ሌላ ነበር፦ ሰባት ዓመት ያቆየኋትን ሴት ጉም ላሳያት ነው ያመጣኋት?

ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጉሙ ከሥር ወደ ላይ ተነሣ። ሐይቁ፣ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት፣ በእንሰት የተከበቡት ቤቶች ሁሉ አንድ ባንድ ወጡ። ይህ ሁሉ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ጥንት እሳት ተፍቶ የተደረመሰውን ጎድጓዳ ውሃ ሞላው። በሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃ መኖሩን ስነግረው ልጄ «እሳቱ አልጠፋም ማለት ነው?» አለና ወደ አያቱ ጋቢ ተጠጋ።

ቁልቁለቱን ጉልበቷ ስለማይችለው ፈረስ ተከራየንላት። የሚስበው ወጣት «አዴ፣ አይፍሩ» ቢላት፣ «በሙሽርነቴ በቅሎ ላይ ቀን ሙሉ የዋልሁ ሴት ነኝ፤ ምን ያስፈራኛል?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። የበቅሎውን ነገር እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ወንጪ በ2014 ዓ.ም በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ተመርጣለች። ለመሄድ ያሰባችሁ እናቶች ለልጆቻችሁ ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ፤ ጫማችሁም የማያንሸራትት ይሁን፤ ጭቃው አይጣል ነው። ከረጢት ይዛ የምትመጣ አሮጊት ካለች ደግሞ አትቆጧት።

ሰኞ ጧት ጉልበቷ እንዴት እንዳደረ ልጠይቃት ደወልሁ። ለደንበኞቿ የፈረሱን ታሪክ እያወራች ኖሮ፣ «ቆይ፣ በኋላ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።