ሩዝና ሙዝ

ከመሀል አገር ወደ ሶማሌ ክልል የሚሄድ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው ከምሳ ሳህን ነው። በጅጅጋ በኩል ባለችው አውበሬ የፍየል ሥጋ የተጫነበት ሩዝ ይቀርባል፤ ከጎኑ ሎሚ፣ ዓይን የሚያስነባ በርበሬ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሙዝ። እንግዳው ለማወራረጃ ይመስለዋል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ግን ሙዙን እስከ ግማሹ ልጠው፣ አንዴ ሩዙን፣ አንዴ ሙዙን እየጎረሱ፣ በዝምታ ያጣጥሙ ነበር። ከየት የመጣ ልማድ ነው ብዬ ብጠይቅ «የጣልያን ነው» ያለኝ አለ።

እኔ የምጠረጥረው ነፋስን ነው። የጅጅጋ ሜዳ ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ እንጂ ሩዝ የሚታወቅበት አይደለም። ሩዙ ድሮ ከህንድ በባለ ሸራ ጀልባ ይመጣና በዘይላና በበርበራ ወደቦች ወርዶ በግመል ሽቅብ ይወጣ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ጀልባዎቹን ወደ አፍሪካ ይገፋ ነበር፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ አገራቸው ይመልሳቸው ነበር። የእኛ ሚኒባስ ሲሞላ ይሄዳል፤ ጀልባው ግን የሚሄደው ሲነፍስ ነበር። ያመለጠው ወራት ይጠብቅ ነበር።

የጀልባው ላይ ኑሮ ደግሞ ለምቾት ፈላጊ አልነበረም። አውስትራሊያዊው አለን ቪሊየርስ በ1938 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከኤደን በኩዌቶች ጀልባ ተሳፍሮ እስከ ዛንዚባር ወርዷል። ናኩዳው፣ ማለትም የጀልባው አዛዥ፣ አሊ ቢን ናስር አል ነጅዲ ይባል ነበር። መንገደኛው እላይ በላይ ተጭኗል፤ መኝታው ወለሉ ነው፤ ሽንት ቤቱ ከጀልባው ጎን ባሕሩ ላይ የተንጠለጠለ ሳጥን ነው (ማዕበል ሲነሳ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት)። ግዙፉን ሸራ መርከበኞቹ እየዘፈኑ በጉልበት ይሰቅላሉ። አናጢው እዚያው ጀልባ ላይ ሌላ ትንሽ ጀልባ ይሠራል። ምግቡ ሩዝ ነው፤ ከአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው በእጅ ይበሉታል፤ ዓሣ ከተያዘ እሰየው።

ከቪሊየርስ 600 ዓመት ግድም በፊት ተጓዡ ኢብን ባቱታ በዚሁ ነፋስ ሄዷል። በ1331 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከኤደን በአራት ቀን ዘይላ ደረሰ። ገበያዋን ትልቅ ነው ካለ በኋላ፣ በዓሣዋና መንገድ ላይ በሚታረደው ግመል ደም የተነሳ በግማት የሚያህላት ከተማ የለም ብሎ አረፈው። ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን ሌሊቱን ጀልባው ላይ ማደር መረጠ። ዘይላዎች ይህን ስድብ ባይሰሙት ይሻላል።

ከዚያ 15 ሌሊት ተጉዞ ሞቃዲሾ ሲገባ በትልቅ የእንጨት ገበታ በቅቤ የበሰለ ሩዝ ቀረበለት፤ ላዩ ላይ የዶሮ፣ የሥጋና የዓሣ ወጥ። በሌላ ሳህን ደግሞ በትኩስ ወተት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ! የከተማው አንድ ሰው፣ እንደ ኢብን ባቱታና ጓደኞቹ ያሉ ብዙ ሰዎች የሚበሉትን ያህል እንደሚበላም ታዝቧል። ሙዙ እንደ አውበሬው በልጣጩ አልቀረበም፤ ይህን አምናለሁ። ግን ከሩዙ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ነበር።

ጣልያን በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር የሙዝ እርሻ ያስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ሙዙን አብዝቶት ይሆናል፤ ከሩዝ ጋር ያጋባው ግን እሱ አይደለም።