ቁልፏ ለስልኩ ብቻ ናት

ስልካችሁ ላይ ቪፒኤን ከፍታችሁ፣ ሆትስፖት አብርታችሁ ላፕቶፕ ብታገናኙ፣ ላፕቶፑ በቪፒኤኑ ውስጥ አያልፍም። ስልኩ አናት ላይ ያቺ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ትታያለች፤ ላፕቶፑም ኢንተርኔት አግኝቷል፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ግን ሁለቱ በተለያየ መንገድ እየሄዱ ነው። ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው ደግሞ ቪፒኤኑ የተበላሸ እየመሰለው ሌላ ያወርዳል፤ ያኛውም ያው ነው።

እኛ አገር ይሄ ነገር በጅምላ የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. ነው። የካቲት 2 ቀን፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ውዝግብ በተጋጋለበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ሐምሌ 10 ነው። በእነዚያ አምስት ወራት ቪፒኤን የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ጫማና ቀሚስ በቴሌግራም ቻናል የምትሸጠውም፣ የክፍል ማስታወሻ በግሩፕ የሚደርሰው ተማሪም፣ ውጭ አገር ልጅ ያላቸው እናትም ስልካቸው ላይ ጫኑት። «ቪፒኤንህን አብርተህ ግባ» ማለት «በሩን ገፋ አድርገህ ግባ» እንደማለት ቀሎ ነበር። ችግሩ የመጣው ሥራው ላፕቶፕ ላይ ለሆነ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ቴሌግራም ይገባል፣ መልእክት ይንጫጫል፤ በዚያው ስልክ ሆትስፖት የተገናኘው ላፕቶፕ ግን «ኮኔክቲንግ» እያለ ሲሽከረከር ይውላል። ያኔ ስንቱ ሰው ፋይሉን በፍላሽ ወደ ስልክ እየገለበጠ ከዚያ እንደላከ አስታውሳለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት አንድሮይድ ቪፒኤንን እንዴት እንደሚያስተናግድ ማየት ያስፈልጋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 4.0 ማንኛውም አፕ፣ ስልኩ ሩት ሳይደረግ (ጥበቃው ሳይሰበር)፣ የባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ጠይቆ ቪፒኤን እንዲሆን በር ከፈተ። መጀመሪያ ስታበሩት «ይህ አፕ የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ሊከታተል ነው፣ ይፈቅዳሉ?» የሚል ማሳሰቢያ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስትፈቅዱ ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ሠራሽ የኔትወርክ መስመር ይፈጠራል፤ ባለሙያዎቹ ዋሻ ይሉታል። አንድሮይድ ላይ እያንዳንዱ አፕ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የስልኩም ሕግ «ይህን ይህን ቁጥር ከያዙ አፖች የሚወጣ ዳታ በዋሻው ይሂድ» ይላል። ቴሌግራም ቁጥር አለው፣ ክሮም ቁጥር አለው፣ ስለዚህ ይገባሉ።

በሆትስፖት የመጣው ላፕቶፕ ግን ምን ቁጥር አለው? የለውም። ዳታው ከየትኛውም አፕ አልወጣም፤ በዋይፋይ ገብቶ በሞባይል ኔትወርክ የሚወጣ መንገደኛ ነው። ስልኩ ለእሱ ራውተር ብቻ ነው፤ አድራሻውን ቀይሮ በቀጥታ ወደ ኦፕሬተሩ ያሳልፈዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 8.0 ወዲህ እንዲያውም ብዙ ስልኮች ይህን የማሳለፍ ሥራ፣ ባትሪ ለመቆጠብ፣ ከዋናው ፕሮሰሰር አውርደው ለኔትወርክ ቺፑ ሊሰጡት ይችላሉ። የላፕቶፑ ዳታ ቪፒኤኑ የሚሠራበት ደጃፍ ሳይደርስ በጓሮ ወጥቶ ይሄዳል ማለት ነው። አይፎን በውስጥ አሠራሩ ይለያል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፦ ሆትስፖቱ ቪፒኤኑን ይዞ አይወጣም።

እንግዲህ ይሄ ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ? ሆን ተብሎ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያትም አለው። ፈቃዱን የሰጠው የስልኩ ባለቤት ነው፣ ለራሱ አፖች። ሆትስፖቱን የተጠቀመው እንግዳ ዳታው በማያውቀው ኩባንያ ሰርቨር እንዲያልፍ ማንም አልጠየቀውም። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ያለበትን ስልክ አስቡ፤ ሆትስፖት የለመነ ጓደኛ ሁሉ የባንኩ ወይም የድርጅቱ የውስጥ ኔትወርክ ውስጥ ቢገኝ የአይቲ ክፍሉ ምን ይላል? እስከዚህ ድረስ ከአምራቾቹ ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው በዝምታቸው ነው። ቪፒኤን በርቶ ሳለ ሆትስፖት ስናበራ «የሚገናኙት መሣሪያዎች በቪፒኤኑ አያልፉም» የሚል አንድ መስመር ማሳየት ምን ይከብዳል? ስንቱ ጋዜጠኛ፣ ስንቱ የሰብአዊ መብት ሠራተኛ ቁልፏን አይቶ «ተሸፍኛለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ከፍቶ ይሆን? ሊኒየጅ ኦኤስ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የአንድሮይድ ዝርያ ሆትስፖት ሴቲንጉ ውስጥ እንግዶች ቪፒኤኑን እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ማብሪያ አስገብቷል። የሚቻል ነገር ነው።

ለማረጋገጥ ደግሞ ባለሙያ መሆን አያሻም። የአይፒ አድራሻችሁን የሚያሳይ ማንኛውንም ገጽ ስልኩም ላይ ላፕቶፑም ላይ ክፈቱ። ስልኩ ኔዘርላንድ ነኝ እያለ ላፕቶፑ ኢትዮጵያ ነኝ ካለ፣ መልሱ ያ ነው።

ከመፍትሔዎቹ ቀላሉ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ ቪፒኤኑን ላፕቶፑ ላይም ጫኑ። አብዛኞቹ ታዋቂ ቪፒኤኖች የዊንዶውስ ፋይል አላቸው፤ አንድ አካውንትም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መሣሪያ ይችላል። ሆትስፖቱ ተራ መንገድ ሆኖ ይቀራል፣ ዋሻውን ላፕቶፑ ራሱ ይሠራል። ይሄ ሲቻል ሌላ ነገር ባትነካኩ እመክራለሁ። የማይቻለው ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ሆኖ መጫን ሲከለክል ወይም መሣሪያው ቴሌቪዥን ሲሆን ነው፤ ወይም ደግሞ የቪፒኤኑ ድረ ገጽ ራሱ ተዘግቶ ማውረድ ሲያቅት። የመጨረሻው በ2015 ብዙ ሰው ያጋጠመው ነው፤ መጫኛ ፋይል ከስልክ ስልክ በብሉቱዝና በዜንደር ሲዞር ነበር። በዚያ መንገድ የመጣ ፋይል ማን እንደነካካው እግዜር ይወቅ።

ሁለተኛው መንገድ ብልሃቱ ደስ ይለኛል። ላፕቶፑ ዋሻው ውስጥ የማይገባው መለያ ቁጥር ስለሌለው አይደል? ታዲያ ስልኩ ላይ ካለ አንድ አፕ ቁጥር ይዋሳላ! እንደ ኤቭሪ ፕሮክሲ ያሉ አፖች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ቪፒኤኑን ታበራላችሁ፣ ሆትስፖቱን ታበራላችሁ፣ ከዚያ የፕሮክሲ አፑን ታስነሳላችሁ፤ አፑ አድራሻና ፖርት ያሳያችኋል፤ እነዚያን ላፕቶፑ የፕሮክሲ ሴቲንግ ውስጥ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ አንድ ገጽ ሲፈልግ በቀጥታ አይሄድም፤ አፑን ይለምናል፣ አፑ በራሱ ስም ይጠይቅለታል። አፑ ደግሞ እንደማንኛውም የስልኩ አፕ ቪፒኤኑ ውስጥ ነው። ሩት አያስፈልግም፣ ኬብል አያስፈልግም። የማይሠራ ከመሰላችሁ ቪፒኤኑ ውስጥ «ሎካል ኔትወርክ ፍቀድ» የሚል ምርጫ እንዳለ እዩ፤ አንዳንዱ ቪፒኤን አጠገቡ ያለውን ላፕቶፕ ሳይቀር ይዘጋል።

ድክመቱን ግን ሳትሰሙ እንዳትጀምሩ። በፕሮክሲ የሚያልፈው ፕሮክሲውን የሚያከብር ፕሮግራም ብቻ ነው። ክሮም ያከብራል። ዊንዶውስ ላይ ያሉ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ሴቲንጉን አይተው እንዳላዩ ያልፉና በቀጥታ ይወጣሉ፤ የቪዲዮ ጥሪና ጌም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ናቸው። ስለዚህ ለመክፈት ይበቃል፣ ለመደበቅ አይበቃም። ዓላማችሁ የተዘጋ ገጽ ማየት ከሆነ ጥሩ ነው። ዓላማችሁ ኦፕሬተሩ ምንም እንዳያይ ከሆነ በፕሮክሲ አትተማመኑ።

ለቴሌግራም ብቻ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የራሱ የፕሮክሲ ቦታ አለው፣ የፕሮክሲ አፑ ያሳያችሁን አድራሻና ፖርት እዚያ ብቻ መጻፍ ይቻላል። ራሱ ቴሌግራም ያዘጋጀው ኤምቲፕሮቶ የሚባል የፕሮክሲ ዓይነትም አለ፤ ሊንኩን መንካት ነው፣ ቪፒኤንም አይፈልግም። በነፃ የሚያሳልፋችሁ ባለፕሮክሲ ግን የቻት ዝርዝራችሁ አናት ላይ የራሱን ቻናል ቢሰቅል አትደነቁ፤ ክፍያው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ላፕቶፑ ቪፒኤን ካለው እሱን ማከፋፈያ ማድረግ ይቻላል፦ ስልኩን በዩኤስቢ ታገናኛላችሁ፣ ላፕቶፑ ቪፒኤኑን ይከፍታል፣ ከዚያ የዊንዶውስን ሞባይል ሆትስፖት አብርታችሁ የሚጋራው መስመር ቪፒኤኑ እንዲሆን ትመርጣላችሁ። ጨከን ያለ ደግሞ ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ዓይነት የሚችል ትንሽ የጉዞ ራውተር ይገዛል፤ ከእሱ ጋር የተገናኘ ሁሉ ሳይጠየቅ ዋሻ ውስጥ ነው።

ስለ ፓኬጅ አንድ ነገር፦ ለአንድ አፕ ብቻ የተገዛ ርካሽ ጥቅል ካላችሁ፣ ቪፒኤን ሲበራ አይሠራም። ኦፕሬተሩ የሚያየው ወደ አንድ ሰርቨር የሚሄድ የተመሰጠረ ዳታ እንጂ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ መሆኑን አይደለም፤ ስለዚህ ከዋናው ዳታ ወይም ከሒሳባችሁ ይቆርጣል። ላፕቶፕ ሲጨመርበት ይብሳል። ዊንዶውስ ማንኛውንም ዋይፋይ ገደብ እንደሌለው ነው የሚቆጥረው፤ የስልካችሁን ሆትስፖት «ሚተርድ» ብላችሁ ካልመዘገባችሁለት አፕዴቱን ማውረድ ሊጀምር ይችላል። «ዳታዬን ማን በላው?» የሚባለው አብዛኛው ጠብ እዚህ ጋ ያልቃል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ክፍል ልምጣ። ፕሮክሲ ስትከፍቱ ለሌላ ሰው የምታካፍሉት ዳታ ብቻ አይደለም፣ ስማችሁንም ነው። ከአንድ ቆጣሪ መብራት የሚስብ ተከራይ እንዳለው አከራይ ናችሁ፤ ምጣዱንም ብየዳውንም የሚያስነሳው እሱ፣ ቢሉ የሚመጣው በእናንተ ስም። ውጭ ያለው ድረ ገጽ የሚያየው የቪፒኤኑን አድራሻ ነው፤ የቪፒኤኑ ኩባንያ የሚያውቀው የእናንተን አካውንት ነው፤ ኦፕሬተሩ የሚያውቀው በስማችሁ የወጣውን ሲም ነው። እንግዳው ያደረገው ነገር የትም ቦታ በእሱ ስም አልተጻፈም።

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ሐሳብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ገልፍ ላሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ግን ሕግ ያለበት ጉዳይ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ታግዶ የቆየ ነው፤ ቦቲምን የመሰሉ የተፈቀዱ አፖች ቢኖሩም ከቤተሰብ ጋር በለመዱት አፕ ለማውራት ቪፒኤን የሚያበራ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ያበራና ክፍል ጓደኞቹ «እስቲ ለእኔም ክፈትልኝ» ይሉታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ቁጥር 34፣ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመው እንዳይታወቅ ለማድረግ የኢንተርኔት አድራሻውን የቀየረን ሰው በእስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። ሕጉ የሚለው «ወንጀል ለመፈጸም» ነው፣ ቪፒኤን መጫን በራሱ አይደለም። ግን በእናንተ ዋሻ ያለፈው የክፍል ጓደኛችሁ ምን እንዳደረገ በምን ታውቃላችሁ? እዚያ ላለ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ የራስህን ለራስህ፣ የሌላውን ለሌላው።

ዋሻው ራሱ የማን ነው የሚለውም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም የሲኤስአይአርኦ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን ፈትሾ፣ 38 በመቶዎቹ ላይ የማልዌር ምልክት አገኘ፤ 18 በመቶው ጭራሽ ዳታውን አያመሰጥርም ነበር። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ኦናቮ የተባለ ቪፒኤን ተጠቃሚዎቹ የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለባለቤቱ ሲያቀብል ቆይቶ በ2018 ከአፕል አፕ ስቶር ወጣ፣ በ2019 ተዘጋ። ለራሳችሁ አንድ ነፃ ቪፒኤን መርጣችሁ አደጋውን መውሰድ መብታችሁ ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ ስታካፍሉት ግን የባለቤታችሁን የባንክ አፕና የልጃችሁን ፎቶ ጨምራችሁ ነው የምታስረክቡት።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ኢንተርኔቱ ካለ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አገሪቱ በሙሉ ስትጨልም፣ ከዚያም ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ውስጥ መስመሩ ሲቋረጥ፣ የትኛውም ቪፒኤን አንድ ሰው አላገናኘም። ዋሻ የሚቆፈረው በመሬት ውስጥ ነው፤ መሬቱ ከሌለ የሚቆፈር የለም። ሰው ግን ሁለቱን ያምታታል፤ በመዘጋትና በመቋረጥ መካከል ያለውን ልዩነት ሳያይ አምስት ቪፒኤን እየቀያየረ ባትሪውን ይጨርሳል። ቀላሉ መለያ ያልተዘጋ ተራ ገጽ መክፈት ነው፤ እሱም እምቢ ካለ ቪፒኤኑን ተዉት።

ፕሮክሲ የምትሞክሩ ደግሞ የሆትስፖታችሁን ፓስዎርድ ጠንከር አድርጉት፤ 12345678 የሆነባችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ። አፑ የራሱን የይለፍ ቃል የሚቀበል ከሆነ እሱንም ጻፉበት። ሥራ ስትጨርሱ አፑን ዝጉ፣ ላፕቶፑም ላይ የጻፋችሁትን የፕሮክሲ አድራሻ አጥፉ፤ ካላጠፋችሁት ነገ በሌላ ዋይፋይ ስትገናኙ አንድም ገጽ አይከፍትላችሁም።