ስፖንሰር ማለት ዋስ ማለት ነው

አንባቢ ሆይ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በገንዘብ ያዥነት ወይም በንብረት ክፍል ተቀጥረው የሚያውቁ እንደ ሆነ፣ ዋስ መፈለግ ምን ዐይነት መከራ እንደ ሆነ እኔ ልነግርዎ አይገባኝም። የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ የሚፈርምልዎ ሰው ሲፈልጉ፣ ስንቱ ዘመድ በዚያው ሰሞን ስልኩን እንደሚዘጋ ያውቁታል። በሰፈራችን በመካኒሳ አቦ ያሉ ወጣት ንድፍ ሠሪዎች ግን ዛሬ ከአፋቸው የማይለዩት «ስፖንሰር» የሚባለው ቃል ሌላ ነገር ይመስላቸዋል። ለአንዳንዱ ስፖንሰር ማለት ሳያውቀው የወደደው ደግ ፈረንጅ ነው፤ ለሌላው እንደ ዲቪ ተሞልቶ የሚጠበቅ ዕጣ ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት በማተሚያ ቤት ገጽ ሳቀናብር የኖርሁ ሰው ነኝና ቃሉን በአገርኛ ልፍታው፤ ስፖንሰር ዋስ ነው።

አንድ የለንደን ድርጅት ከአዲስ አበባ አንድ የግራፊክ ባለሙያ ወስዶ ለመቅጠር ቢፈልግ፣ አስቀድሞ የውጭ ሠራተኛ ለማስመጣት ከመንግሥቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከዚያም «ይህ ሰው የሚሠራው ለእኔ ነው፤ ሥራው ይህ ነው፤ ደመወዙ ይህን ያህል ነው፤ ሥራውን ቢተው አስታውቃለሁ» ብሎ የምስክር ወረቀት ያወጣለታል። ግዴታውን ካልጠበቀ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። እንግዲህ ይፍረዱ፤ እርስዎስ ላላዩት፣ ሥራውን ላልመረመሩት ሰው እንዲህ ያለ ፊርማ ይፈርማሉ?

ይህን ጥንቃቄ የፈረንጅ ክፋት አድርገን እንዳንቆጥረው ወደ ራሳችን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ያዛል፤ ፈቃዱም ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የውጭ ንድፍ ባለሙያ ማስመጣትም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ጣሊያናዊ ነበር። ነገር ግን ሜዜዲሚ ለዚያ ሥራ ሲታጭ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አልነበረም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 አሥመራ ከገባ በኋላ የሠራቸው ሕንፃዎች ቆመው ይመሰክሩለት ነበር።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ የሚኖር አንድ ወጣት አለ። የቡና መጠቅለያ፣ በማር ማሰሮ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ ይነድፋል፤ እጁ ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንዱ ወርኀዊ የአቦ በዓል ማግስት እናቱ ወደ እኔ መጡ። «ጋሼ፣ ልጄ ለንደን ሥራ አገኘ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን የተቀመጠው ደስታ ብቻ አልነበረም። በቴሌግራም የተዋወቀው ደላላ ለስፖንሰሩ አራት መቶ ሺህ ብር ጠይቋል፤ ግማሹ በዚያው ሳምንት የሚከፈል ነው። እናትየው ዕቁባቸውን ከሰው ተለማምጠው ቀድመው ሊወስዱ፣ ለቀረው ደግሞ በግቢያቸው የሚያከራዩዋቸውን ሁለት ክፍሎች የሦስት ዓመት ኪራይ አስቀድመው ሊቀበሉ ተነጋግረዋል። ያ ኪራይ የዕለት እንጀራቸው ነው።

ልጁን አስጠርቼ «እስቲ ደብዳቤውን አሳየኝ» አልሁት። ከስልኩ አወጣው። ሁለታችንም የሙያው ሰዎች ነንና ቃሉን ሳናነብ ዐይናችን አርማው ላይ ዐረፈ። አርማው ወደ ጎን ተለጥጧል፤ ፊደሎቹ አንዱ ከሌላው ተራርቋል፤ ማኅተሙም ከሌላ ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ስለ ሆነ ዙሪያው ነጭ ሆኖ ይታያል። ልጁ እስከዚያ ቀን ደስታው ጋርዶት ኖሮ፣ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ የዲዛይን ድርጅት ሆኖ ይህን የሚልክ ከሆነ የሚያስፈልገው እኔ ሳልሆን ሐኪም ነው» አለኝ። እኛ ሣቅን፤ እናትየው ግን አልሣቁም።

ሣቅ ማስረጃ አይሆንምና ወደ መዝገቡ ሄድን። የእንግሊዝ መንግሥት የውጭ ሠራተኛ ለማስመጣት የተፈቀደላቸውን ድርጅቶች ስም በይፋ ያወጣል፤ ማንም ሰው ሳይከፍል በስልኩ ሊያየው ይችላል። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ድርጅት ከመዝገቡ የለም። ደመወዙም ቢሆን ነገሩን ያጋልጠው ነበር። ደብዳቤው በዓመት 24,000 ፓውንድ ይላል፤ ለባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ የሚጠየቀው መደበኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 41,700 ፓውንድ ሆኗል። ዕድሜያቸው ከ26 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች ቅናሽ አለ፤ ቅናሹም ቢሆን እዚያ ድረስ አይወርድም። ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን ልብ ይበሉ፤ ሠራተኛው የራሱን የቪዛ ማመልከቻና የጤና ክፍያ ሊከፍል ይችላል፤ የፈቃዱንና የምስክር ወረቀቱን ወጪ ግን አሠሪው በእንዲህ ያለ ሠራተኛ ላይ እንዳይጭን በፈረንጅ 2024 መጨረሻ ላይ ተከልክሏል። እንግዲያስ «የስፖንሰር» ተብሎ የተጠየቀው አራት መቶ ሺህ ብር የማን ድርሻ ነው? (በአገራችንም ለዋስትና ፊርማ ገንዘብ የሚቀበል እንዳለ አውቃለሁ፤ እርሱንም ቢሆን ማንም አያመሰግነውም።) እናትየው «ታዲያ ያ ሰው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ልጁ ሲደውል ስልኩ ተዘግቷል።

«አሜሪካስ?» ይሉኝ ይሆናል። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የባለሙያ ቪዛ በመደበኛው ኮታ በዓመት 85,000 ነው፤ ከዚያም ውስጥ 20,000ው እዚያው አገር ማስተርስ ዲግሪ ለተቀበሉ የተለየ ነው። ጠያቂው አሠሪው ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣው የፕሬዚዳንቱ ዐዋጅ ደግሞ ከአገሩ ውጭ ላለ አዲስ ሠራተኛ አሠሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል አዘዘ። ይህን ለጀማሪ ንድፍ ሠሪ የሚከፍል ትንሽ ድርጅት አገኛለሁ ብዬ እኔ አልጠብቅም። ጀርመን በሰኔ ወር 2024 በፈረንጅ አቆጣጠር የጀመረችው የሥራ ፍለጋ ካርድ ከዚህ ይለያል፤ ያለ ዋስ ገብተው እስከ አንድ ዓመት ሥራ የሚፈልጉበት ነው። ሆኖም ዲግሪው፣ ቋንቋውና ሌላውም በነጥብ ይለካል፤ በ2025 ለኑሮ በወር 1,091 ዩሮ እንዳለዎት ማሳየት ያስፈልግ ነበር። አርክቴክት የሆኑ እንደ ሆነ ደግሞ በሙያው ማኅበር ምክር ቤት ሳይመዘገቡ በዚያ አገር «አርክቴክት ነኝ» ብሎ መጥራት አይፈቀድም።

ዋሱ እንዲፈርም ምን ሊያይ ይወዳል? ልጁ አርባ ሥራ በአንድ ላይ ጠርዞ ይልክ ነበር። ቁጭ ብለን ሦስት አስቀረን። ከሦስቱ አንዱ የማር ማሰሮው ወረቀት ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈበት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ወገን የለውም፤ አብዛኛው በአንድ ቁመት ይቆማልና ከላቲኑ ጎን በእኩል መጠን ሲቀመጥ ገዝፎና ጠቁሮ ይታያል። ልጁ ስንት እጅ እንዳሳነሰው፣ መስመሩን ለምን እንዳራቀው በአጭር እንግሊዝኛ ጻፈበት። ከማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ጋር የመጣውን «ኒያላ» የተባለውን ፊደል፣ ከአፕል ጋር የመጣውን «ከፋ»ንም የነደፏቸው ፈረንጆች መሆናቸውን ያውቃሉ? ደግ ሠርተዋል፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ከእኛ ልጅ ጋር የሚወዳደር ሰው ብዙ አይደለም።

ከዚያ ከመዝገቡ ውስጥ የንድፍ ሥራ ያላቸውን እየለቀመ፣ ለያንዳንዱ የተለየ ደብዳቤ ጻፈ። ከአዲስ አበባ መሆኑንና ዋስ የሚያሻው መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጽ ይናገራል፤ ይህን ደብቆ በመጨረሻ መግለጥ የሁለቱንም ጊዜ ያቃጥላል። ዲግሪውን አስመሰከረ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ከተማረበት አወጣ።

ሃያ ሦስት ደብዳቤ ልኮ ሁለት መልስ አገኘ። አንዱ በትሕትና «አንችልም» አለ። ሌላው ለቃለ መጠይቅ በለንደን ሰዓት ከጠዋቱ አራት ተኩል ላይ ቀጥሮታል፤ በእኛ ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ቢጠፋ ብሎ ከጎረቤት ባትሪ ተውሷል። እናትየውም ዕቁባቸው በተራው ደርሷቸው የኪራይ ክፍሎቹን ጣራ ቆርቆሮ አስለወጡ።