አጎቴና ቀይዋ መኪና

የተማረ ሰው በዘመድ አዝማድ ዘንድ የወረቀት አንባቢ ነው። ውል ቢጻፍ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርስ፣ «እስቲ ልጁ ይየው» ይባላል። እኔም በደብረ ወርቅ የምጣኔ ሀብት መምህር ከሆንሁ ወዲህ ይህን ሹመት ያለ ደመወዝ ይዤው እኖራለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ሹመቴ አሳፈረኝ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

አጎቴ በወጣትነታቸው በቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ ኋላ ወደ ጤፍ ንግድ ገቡ። ከብዙ ዘመን ቁጠባ በኋላ በብቸናና በደብረ ወርቅ መካከል የሚመላለሱበት ያገለገለ መኪና ለመግዛት አሰቡና፣ «ወረቀቱን አንተ ታነብልኛለህ» ብለው አዲስ አበባ ይዘውኝ ሄዱ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ፣ በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ እርሳቸው ስለ ፍሬንና ስለ ሞተር ጉልበት ይጠይቁኛል፤ የእኔ ሐሳብ ግን ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ ነበር።

መኪና መሸጫው ግቢ እንደገባን ዓይኔ አንዲት ላይ አረፈ። ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። እውነቱን ለመናገር አጎቴን ረስቼ ራሴን በደብረ ወርቅ ዋና መንገድ ላይ፣ ተማሪዎቼ ቆመው እያዩኝ፣ መሪ ጨብጬ አየሁት። በመስተዋቷ ላይ «ተመርምሮ የተረጋገጠ» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። አነበብሁት፤ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ አካሉ፣ ሁሉም «ደኅና» ይላል። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው።

አጎቴ ዙሪያዋን ዞረው፣ «ሆዷ መሬት ሊልስ ነው፤ የእኛን ኮረኮንች ትችለዋለች?» አሉ። ሻጩ ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ነገረን። እኔም፣ «ጋሼ፣ ግድ የለም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው» አልኋቸው። በቃሌ ታምነው 50,000 ብር ቀብድ ከፈሉ።

በማግሥቱ ቀሪውን ለመክፈል ስንሄድ አጎቴ፣ «በቅሎ የሚገዛ ሰው ኮርቻዋን ሳያስወርድ ገንዘብ አይቈጥርም፤ ገጣባው ያለው ከኮርቻው ሥር ነው» አሉኝ። እንደ ደረስንም በሮቿን በጣታቸው አንኳኩ። የቀኙ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ፤ የግራው እንደ ጭቃ ግድግዳ ድምፁን ዋጠው። ቀጥለው የፍሬን መርገጫውን አዩ፤ ላስቲኩ ተበልቶ አልቋል። ቆጣሪው ግን 40,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ይላል። «ኮቴዋ የአሮጊት፣ ጥርሷ የውርንጭላ» ብለው ሳቁ። ከሰፈሩ የጠራነው መካኒክም ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ፣ የፊት አካሏ ተቆርጦ እንደተበየደና በሯ በስቱኮ እንደተሞላ ነገረን።

አጎቴ ሻጩን አልተቆጡትም። «ወንድሜ፣ የዚህ ወረቀት ዋስ ማነው?» ብለው ብቻ ጠየቁት። እኔ ወረቀቱን እንደገና ተመለከትሁ። ማኅተሙ የመሸጫው ነው፤ መርማሪ ተብሎ የፈረመውም ሻጩ ራሱ ነው። ይህ ትናንትም በዓይኔ ፊት ነበር፤ አንብቤው አላስተዋልሁትም።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ፣ ይህንኑ ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ፈተናውን ማለፌ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የአሮጌ መኪናን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነበር። የመኪናውን ጉድለት ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተዋል፤ ገበያውም ለብልሹው ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የዚህ በሽታ አንዱ መድኃኒት ዋስትና ነው። በውጭ አገር ታላላቅ ፋብሪካዎች ያገለገለ መኪና በወኪሎቻቸው አስመርምረው ሲሸጡ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብልሽቱን በራሳቸው ወጪ ሊጠግኑ ቃል ይገባሉ። ወረቀቱ የሚከበረው ከኋላው ከፋይ ስላለ ነው። አጎቴ አከርሎፍን አያውቁትም፤ ነገሩን ግን ከበቅሎ ተራ ተምረውታል።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የሚከፈለውን ግብር ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ታገደ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም ቀለሙ ይታደሳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምር ይጠይቃል። ስለ ቀብድ ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ማታለሉን አስረድተን ገንዘቡን ለማስመለስ መክሰስ በቻልን ነበር። አጎቴ ግን፣ «ለቀጠሮ ስመላለስ ቀብዱን ሁለተኛ እከፍለዋለሁ» ብለው ተዉት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ብዙ ዝም አልን። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ከደመወዜ በየወሩ ልክፈልዎ» አልኋቸው። «የመጀመሪያዋን በቅሎ ስገዛ ተታልዬ ነበር» አሉ። «አባቴ ገንዘቡን አላስከፈሉኝም፤ ሁለተኛዋን ስገዛ ግን አብረውኝ መጡ።»

እነሆ እኛም ደግመን ልንሄድ ነው። አሁን የምንፈልገው ከፍ ያለች፣ ቀለሟ ቢደበዝዝም አካሏ ደኅና የሆነ መኪና ነው። መካኒኩን ቀብድ ሳንከፍል እንጠራለን። አጎቴ በሩን ያንኳኳሉ፤ እኔም ወረቀቱን ከታች፣ ከፊርማው ጀምሬ አነባለሁ።