እናቴና ሦስቱ ሐኪሞች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ላይ ብቻ የሚጥል ይመስለኛል። በሽተኛው የሚደብቀው ለምንድን ነው? ማንንስ ፈርቶ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርሁት በገዛ እናቴ ላይ ከደረሰው ነገር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን ለአንባብያን ባካፍል ምናልባት ለአንዳንዱ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

እናቴ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ አገር ቤት ብቻዋን ከምትቀመጥ ብዬ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋትና በሁለት ክፍል ቤት አብረን መኖር ጀመርን። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ ዝቅተኛ ጸሐፊ ነኝ። ጧት ወደ ሥራ ስወጣ እንዝርቷን ይዛ ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፤ ማታ ስመለስም ጥጧን ስትፈትል አገኛታለሁ። አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም አልነበረባትም። አንድ ቀን ግን ጎረቤታችንን ሸኝታ ጤና ጣቢያ በሄደችበት ብትለካ፥ የደሟ ግፊት 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ልክ ከ120 በ80 ብዙ የማይርቅ ነው።

ደም ብዛት ይባል እንጂ በእርግጥ ደም በዝቶ አይደለም። ደሙ በሥሮቹ ውስጥ ሲዘዋወር የሚያሳርፈው ግፊት ከልክ ማለፉ ነው። ክፋቱም ምንም ሳያሳምም ውስጥ ለውስጥ ልብን፥ ኩላሊትንና አንጎልን መጉዳቱ ነው። እናቴ ግን «ሳያመኝ ምን ልታከም?» ትል ነበር። በብዙ ልመና እሺ አሰኝቼ፥ አለቃዬን አስፈቅጄ፥ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድኋት።

የመጀመሪያው ሐኪም በውስጥ ደዌ ሕክምና ስሙ የታወቀ ሰው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፈን 5 ሰዓት ላይ ገባን፤ በገባን በአምስት ደቂቃም ወጣን። ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ኢናላፕሪል የሚባል ኪኒን አዘዘላትና «ጨው ቀንሺ፤ ኪኒኑን በየቀኑ ዋጪ፤ ከወር በኋላ ተመለሺ» አላት። ልጅዋ የሚሆን ሰው «አንቺ» ሲላት እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ስታደርግ አየሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል ይነሣባት ጀመር። ብርድ ነው ብዬ ማር በሎሚ አጠጣኋት። በወሩ ስንመለስ ግፊቷ ፈቀቅ አላለም። ሐኪሙም ተቆጥቶ «አንቺ ሴትዮ፥ መድኃኒትሽን ትውጫለሽ ወይስ ትጥያለሽ?» አላት። «እውጣለሁ ጌታዬ» አለች አንገቷን ደፍታ። እርሱም አምኗት የኪኒኑን መጠን በእጥፍ ጨመረው። ስለ ሳሉ እርሱም አልጠየቀ፥ እርሷም አልተናገረች፥ እኔም ከኋላዋ ቆሜ ዝም አልሁ።

ሁለተኛውን ሐኪም የነገረኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ነው። በግል ክሊኒክ የሚሠራ፥ ዲፕሎማውን ከግድግዳው ላይ የሰቀለ የተማረ ሐኪም ሲሆን፥ የአገራችንን ዕፀዋት ከፈረንጅ መድኃኒት አስበልጦ የሚወድ ሰው ነበር። በመደርደሪያው ላይ ከኪኒኑ ብልቃጥ ጎን ጥቁር አዝሙድና የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ተደርድሮ ይታያል። እናቴን ተነሥቶ ተቀበላት፤ «እማማ፥ አገርዎ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ ስለ ከብቷ፥ ስለ እህሏ አጫወታት። እርሷም የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው። ኪኒኑን ከዋጠች ጀምሮ ሳሉ እንቅልፍ እንደ ነሣት፥ ስለዚህም ከመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በኋላ ትታው እንደ ነበር፥ መጠኑ በእጥፍ ከተጨመረ ወዲህ ግን ፈርታ እንደ ገና መዋጥ መጀመሯን ነገረችው። እኔም ይህን የሰማሁት ያን ዕለት ገና ነበር።

«እንግዲያው ይህ ኪኒን ለእርስዎ አይስማማም፤ ይተዉት» አላት። በምትኩም የሽፈራውን ቅጠል እንደ ሻይ አፍልታ ጧትና ማታ እንድትጠጣ፥ ነጭ ሽንኩርትም በባዶ ሆዷ እንድትውጥ አዘዛት። እናቴ እየመረቀችው ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሳሉ ጠፋ፤ እኛም በቅጠሉ ኀይል ነው ብለን አመንን። ሁለት ጊዜ ስንመለስም «ፊትዎ ያበራል፤ ድነዋል» እያለ ሸኛት። ግፊቷን ግን አልለካም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለካት አላልሁትም። በየወሩ አለቃዬን ከማስፈቀድና ከሰልፍ በመገላገሌ ደስ ብሎኝ ነበር።

አምስት ወር ያህል እንዲህ ኖርን። በጥቅምት አንድ ማለዳ፥ ከጧቱ 1 ሰዓት ሲሆን፥ የያዘችው የቡና ሲኒ ከቀኝ እጇ አምልጦ ወደቀ። ቀና ስል አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣምሟል፤ ልትናገር ብትሞክር ቃሉ ተኮላተፈ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡና «ምች ነው፤ ምች መትቷታል!» አሉ። አንዲት ባልቴት ዳማከሴ ቀጥፈው መጡ፤ እየተጨመቀ በፊቷና በአንገቷ ታሸ። ይለቃታል እየተባለ 6 ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ታክሲ ጠርቼ ሆስፒታል ሳደርሳት፥ የአንጎሏ የደም ሥር መዘጋቱን ነገሩኝና «ምነው ፈጥናችሁ ብትመጡ?» አሉኝ። ለካ የፊት መጣመም፥ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛልና የንግግር መኮላተፍ በድንገት ሲታይ አንዲት ደቂቃ የሚያስጠብቅ ነገር አልነበረም፤ የተዘጋውን ሥር የሚከፍተው ሕክምና የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች ነውና።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ እናቴ ተርፋለች። ቀኝ እጇ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይህ የደረሰባት ኪኒኑን በማቆሟ ብቻ ነው ብዬ ለመማል አልችልም፤ በመድኃኒት ያልተገታ የደም ግፊት ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ግን ዛሬ ዐውቃለሁ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የተሰጣት የግፊት ኪኒን ያው ኢናላፕሪል ነበር። የቀድሞውን ነገር ለሐኪሞቹ ለመንገር አፍሬ ዝም ብዬ ነበርና፥ ሳሉ ተመለሰ። እናቴም በልቧ ዳግመኛ ለመተው ቆርጣ፥ ሽፈራዋንም በሥውር ትጠጣ ጀመር። ለክትትል የተላክነው ወደ ሠፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። ሦስተኛዋን ሐኪም ያገኘናት እዚያ ነው፤ የቤተሰብ ሕክምና የሚባለውን ልዩ ትምህርት በመማር ላይ ያለች ወጣት ናት። ይህ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ነው። ዓላማውም አንድን አካል ብቻ ለይቶ ከማከም ይልቅ፥ ሰውየውን ከነቤተሰቡና ከነኑሮው ዐውቆ ለረጅም ጊዜ መከታተል ነው።

ወጣቷ ሐኪም ግፊቷን ሁለት ጊዜ ከለካች በኋላ እንዲህ አለች፦ «እማማ፥ ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? ቅጠልም ቢሆን፥ ጠበልም ቢሆን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።» እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥሎ ሐኪሟን አየች። ከዚያም ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ ያልዋጠቻቸውን ኪኒኖችና አንድ ጭብጥ የሽፈራው ቅጠል ከጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሳሉ ከእርስዎ አይደለም፤ ከኪኒኑ ነው» አለች ሐኪሟ። ኢናላፕሪል ለአንዳንድ ሰው ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ፥ ሲተውትም ሳሉ እንደሚጠፋ፥ ይህም በሕክምና የታወቀ ነገር መሆኑን ገለጸችልን። እንግዲህ ያን ጊዜ ሳሉን ያጠፋው ቅጠሉ ሳይሆን ኪኒኑ መቆሙ ኖሯል! በምትኩ አምሎዲፒን የሚባል ሌላ ኪኒን ሰጠቻት፤ እግሯ ካበጠ እንድትነግራት አስጠነቀቀቻት። ቅጠሉን ግን አልናቀችም። «በኮንሶና በጋሞ እንደ ጎመን የሚበላ ጥሩ ምግብ ነው፤ ይብሉት። የኪኒኑን ቦታ ግን አይተካም። ጠበሉንም በእምነትዎ ይጠጡ፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጡ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። የአባቶቻችን መድኃኒት የሚናቅ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. አድዋ ላይ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ በዚህም እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ለወባ የምንውጠው ኮአርተምም መነሻው ቻይናውያን ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ተክል ነው፤ ከዚያ ተክል መድኃኒቱን ያወጡት ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ነገር ግን ሁለቱም ለዚህ ክብር የበቁት ተመዝነው፥ ተለክተውና ተፈትነው ነው። ኮሶም የትል መድኃኒት ለመሆኑ አያቶቻችን ምስክር ናቸው፤ ልኩ ሲያልፍ ግን ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ቅጠሉን መድኃኒት ወይም መርዝ የሚያደርገው ልኩ ነው።

ከሦስቱ ሐኪሞች ማንንም ለመስደብ ይህን አልጻፍሁም። የመጀመሪያው ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ትክክለኛ ነበር፤ በደጃፉ የተሰለፈውን ሕዝብ ላየ ሰውም ቁጣው ከድካም የመጣ መሆኑ ይገባዋል። ሁለተኛውም ለእናቴ ክብሯን መልሶላታል። ዳሩ ግን አንደኛው ዐወቀ እንጂ አልሰማም፤ ሁለተኛው ሰማ እንጂ አልለካም። ቁጣው እናቴን ውሸት አስተማራት፤ ደግነቱ ደግሞ አደጋውን ሸፈነባት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ ለመፍረድ አልቻልሁም።

ሦስተኛዋም ብትሆን አልዘለቀችልንም፤ የትምህርት ተራዋ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። ተተኪው ሐኪም ሲመጣ ነገሩን እንደ ገና ከሀ ጀመርን። ስለዚህ እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና የሙያዬን አደረግሁ፤ ለእናቴ አንድ ደብተር ከፈትሁላት። የግፊቷን ልክ ከነቀኑ፥ የኪኒኖቹን ስም፥ የተዋቸውንና የተወችበትን ምክንያት፥ የምትጠጣውንም ቅጠል ጭምር እጽፍበታለሁ። ወደ ሐኪም ስንሄድ ኪኒኑንም ቅጠሉንም በአንድ ፌስታል ይዘን እንገባለን። ማንኛውም ሐኪም ቢቀያየር መዝገቡ ይናገራል። እንደ እኔ ወላጅ የሚጦር ተማሪም ሆነ ሠራተኛ ቢያደርገው ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ ከደጃፉ ተቀምጣ በግራ እጇ እንዝርት ለማሾር ስትለማመድ አገኘኋት። ክሩ ይበጠሳል፤ ትቀጥለዋለች፤ እንደ ገና ይበጠሳል። አጠገቧ ተቀመጥሁና ብዙ ጊዜ በሆዴ የያዝሁትን ነገር ጠየቅኋት፦ «እማዬ፥ ኪኒኑን መተውሽን ሐኪሙንስ ፈርተሽ ደበቅሽው እንበል፤ እኔን ልጅሽን ለምን ደበቅሽኝ?»

ዐይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ «አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ፥ ልጄ?» አለችኝ።