ጎንደር፦ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ

የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲመሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ1953 ደንቢያን የፈጀው ወባ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት እያሠለጠነ፣ በቡድን አደራጅቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ጀመር። አንዱ ያክማል፤ ሌላው እናቶችንና ሕፃናትን ይንከባከባል፤ ሦስተኛው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ይህ ሦስተኛው፣ በሰው ዘንድ ክብሩ ያነሰው፣ ለእኛ ከሁሉም ይበልጥብናል።

በ1978 በምሥራቅ ጀርመን የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የጤና መኮንኑ ሥልጠና ግን ለዓመታት ተቋረጠ። ሐኪም ተገኘ ተብሎ ለገጠሩ የታሰበው ባለሙያ መቅረቱ እንግዳ ስሌት ነበር። ሥልጠናው የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። በ2004 ደግሞ ተቋሙ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሌላውም ትምህርት ሁሉ በጎንደር ቢሰጥ ማን ይጠላል? ደስ ብሎናል።

ነገር ግን እኛ በባዕድ አዳራሽ ስለ ሰፊው ሕዝብ ተከራክረን ስናድር፣ የእነዚያ ቡድኖች ተማሪዎች ከሕዝቡ ጋር ያድሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ዛሬ የት እንደሚያድር የምንጠይቀውም ስለዚህ ነው።