እግሬስ ይቅር፣ ጣቶቼን!

እናንተዬ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው። ስሙ ይቆየን።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ከሰዓት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነበርን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። "እስቲ ማን ይቀድማል?" ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ምን ቸገረው! ሸሚዙን ወርውሮ በጭንቅላቱ ዘሎ ገባ። ውኃው ግን ከጉልበት ብዙም አያልፍም ነበር፤ ያገኘው ድንጋይ ነው። ስናወጣው "እጄ የት አለ? እግሬስ?" ይላል...

በድንጋጤ አንዳችን ብብቱን፣ አንዳችን እግሩን ይዘን ባጃጅ ውስጥ አጥፈን ከተትነው። ኋላ ሐኪሙ ምን ቢለን ጥሩ ነው? "አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ፣ እንደ ግንድ ቀጥ አድርጋችሁ ሳንቃ ላይ ነበር ማምጣት።" ጉዳቱን ያባባስነው እኛ እንሁን አንሁን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ይህችን ይዤ ነው ማታ ማታ የምተኛው።

ታዲያ አንድ ቀን ወሬ ይዤለት በረርኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከብስክሌት ወድቆ ሽባ የሆነ አንድ ሆላንዳዊ ነበር። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2023 ይፋ እንዳደረጉት፣ አንጎሉ ላይና ኅብለ ሰረሰሩ ላይ መሣሪያ ተክለውለት፣ ሐሳቡ ወደ እግሩ እየተላለፈ በክራንች ተራመደ። ቪዲዮውን አሳየሁትና "ትሄዳለህ!" አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። "እግሬስ ይቅር። ጣቶቼን ቢመልሱልኝ... ቡናዬን በራሴ እጅ ልጠጣ። እናቴ እስከ መቼ ታጠጣኛለች?"

አፈርኩ። ለካ እንዲሄድ የምመኘው ለራሴ ሕሊና ኖሯል!

ከዚያ ወዲያ ስለ እጅ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ አለ! ቀዶ ሕክምና የለውም። አንገት ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር ቀላል ኤሌክትሪክ እየተላከ፣ ከጉዳቱ የተረፉትን ነርቮች ያነቃቃል። በ60 ሰዎች ላይ ተሞክሮ 72 በመቶዎቹ በእጃቸው ጉልበትም ሆነ ሥራ ለውጥ አሳይተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ፈቀደችው። እኛ እጅ ግን አልገባም።

ልብ በሉ፣ ኤሌክትሪኩ ብቻውን አይሠራም። ሰዎቹ መጀመሪያ ሁለት ወር ያለ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ከመሣሪያው ጋር እጃቸውን ሲያለማምዱ ነው የከረሙት። ልምምዱን ደግሞ ማን ይከለክለናል? በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር ስፖንጅ መጭመቅ፣ ጣት ማፍታታት ያዝን። እንዳይቆስል ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡንም ከእናቱ ተቀበልኩ።

አበበ ቢቂላን አስታወስኩት። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከተጎዳ በኋላ መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። እንግሊዝ አገር ታክሞ እጆቹ ሲመለሱለት፣ በዓመቱ እዚያው ቀስት ውድድር ገባ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

እናንተ ልጆች፣ ጥልቀቱን ሳታውቁ በጭንቅላት አትዝለሉ። የወደቀ ሰው ስታገኙም ካልባሰ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በቀር አንገቱን ይዛችሁ እርዳታ ጥሩ እንጂ አታንጠልጥሉት።

ባለፈው እሁድ ሲኒውን በሁለት መዳፉ መሃል ይዞ አነሣት። ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን ጠጣ።

እናቱ እልል አለች። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ቸር ሰንብቱ!